ማተሚያ ቤትን ለሥራ አፈጻጸም ሽልማት ማቅረብ፦ ዳኞቹ የሚመዝኑት ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ ማተሚያ ቤት ያለው ሰው ለሥራ አፈጻጸም ሽልማት እንዲወዳደር ጥሪ ሲደርሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ከመደርደሪያው ያማረውን ሥራ ማውረድ ነው። በወርቅማ ቀለም የታተመ የሠርግ ጥሪ፣ ለዩኒቨርሲቲው ምረቃ የተዘጋጀ መጽሔት፣ ለጥምቀት የወጣ ባለ ብዙ ቀለም ፖስተር ጠረጴዛው ላይ ይደረደራል። ሥራዎቹ ቢያኮሩም የሚያገለግሉት ለሌላ ዓይነት ውድድር ነው።

በሕትመት ሙያ ሁለት ዓይነት ሽልማት አለ። አንደኛው የታተመውን ዕቃ ይመዝናል። አሜሪካ ውስጥ በአታሚው በቤንጃሚን ፍራንክሊን ስም «ቤኒ» በተባለው ሐውልቱ የሚታወቀው የፕሪሚየር ፕሪንት ሽልማት ከዚህ ወገን ነው። የዚህ ዓይነት ዳኞች ሉሁን ቀርበው ይመረምራሉ፤ አራቱ ቀለሞች አንዱ በሌላው ላይ ልክ ገጥመዋል ወይ፣ እጥፋቱ ቀጥ ብሏል ወይ፣ ጥረዛው ይጠብቃል ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ያንን ሉህ ያወጣውን ቤት ይመዝናል። ሥራው በቀጠሮው ይደርሳል? ስንት ወረቀት ይበላሻል? ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል? ሠራተኛው ሙያ ይጨምራል? ቤቱስ ያተርፋል? ባለቤቱ ለአንድ ወር ቢታመም ሥራው ይቀጥላል? በአንድ ሌሊት ልዩ ትኩረት አንድ ግሩም መጽሔት ማተም ይቻላል። ዓመቱን ሙሉ በደንብ የሚሠራ ቤት ማቆም ግን ሌላ ችሎታ ይጠይቃል፤ የሥራ አፈጻጸም ሽልማት የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

የዚህ ሽልማት ሥር ከሕትመት ሙያ ውጭ ነው። ጃፓን በአሜሪካዊው የጥራት ባለሙያ በዴሚንግ ስም የሚጠራውን ሽልማት መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። አሜሪካ በ1987 የማልኮም ባልድሪጅ ብሔራዊ የጥራት ሽልማትን በሕግ አቋቋመች፤ አውሮፓውያንም በ1992 የራሳቸውን መስጠት ጀመሩ። በእኛም አገር የኢትዮጵያ የጥራት ሽልማት ድርጅት አለ፤ ካይዘንን፣ ማለትም ሥራን በየጊዜው የማሻሻል የጃፓኖችን ዘዴ፣ ተግባራዊ ላደረጉ ድርጅቶችም ዕውቅና ይሰጣል። ስማቸውና አዘጋጆቻቸው ቢለያዩም የሚያነሷቸው ጥያቄዎች በጣም ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ አንዱን በደንብ የተረዳ ሰው ሌላው አይከብደውም።

«ይህ የትልልቅ ፋብሪካዎች ጉዳይ ነው» የሚል ካለ አንድ ምሳሌ ይስማ። በ2002 እ.ኤ.አ. የባልድሪጅን ሽልማት ካገኙት ሦስት ድርጅቶች አንዱ የሞቶሮላ ክፍል ነበር። በዚያው ዓመት በአነስተኛ ድርጅቶች ዘርፍ ያሸነፈው ደግሞ ብራንች ስሚዝ የሚባል የቴክሳስ ማተሚያ ቤት ነው፤ ወደ 70 የሚጠጉ ሠራተኞች ብቻ የነበሩት፣ ከ1910 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ የቆየ ድርጅት። የሚያትመውም መጽሔት፣ ካታሎግና የስልክና የአድራሻ ማውጫ ነበር። ፒያሳ ወይም ማራኪ አካባቢ ያለ ማተሚያ ቤት ከዚህ የሚያንሰው በሰውና በማሽን ብዛት ነው። የሥራው ዓይነት ግን ያው ነው፦ ትዕዛዝ መቀበል፣ ፋይል ማስተካከል፣ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ማውጣት፣ ማተም፣ መቁረጥ፣ መጠረዝ፣ ማስረከብ።

ነጥቡ ከየት ይመጣል?

ባልድሪጅ ለረጅም ዓመታት የሠራበት አሰጣጥ ነገሩን በግልጽ ስለሚያሳይ እሱን ልውሰድ። ጠቅላላው ነጥብ 1000 ነው። ከዚህ ውስጥ 450ው ለውጤት ይሰጣል፤ ማለትም በቁጥር ለሚታየው። የቀረው 550 የሚከፋፈለው ያ ውጤት እንዴት እንደመጣ ለሚያስረዱት ምዕራፎች ነው፦ ለአመራር፣ ለዕቅድ፣ ለደንበኛ አያያዝ፣ ለመረጃ አጠቃቀም፣ ለሠራተኛና ለሥራ ሂደት። ከዚህ መረዳት ያለባችሁ ቁም ነገር፣ ጥሩ ትርፍ ብቻውን ግማሹን ነጥብ እንኳ እንደማያስገኝ ነው። ትርፉ ከአንድ ትልቅ ጨረታ በዕድል የመጣ ሊሆን ይችላል። ዳኛው ውጤቱ በሚቀጥለው ዓመትም እንደሚደገም የሚያሳምነው ምክንያት ይፈልጋል።

«እንዴት» ለሚለው ክፍል በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ አራት ነገር ይታያል፦ የታወቀ ዘዴ አላችሁ? ዘዴው በሁሉም ቦታና በሁሉም ሰው እጅ ይሠራበታል? ከደረሰ ስህተት ተምራችሁ አሻሽላችሁታል? ከቀረው የቤቱ አሠራር ጋርስ ይጣጣማል? ይህ በወረቀት ላይ ሲነበብ ደረቅ ነውና ወደ ሥራ ቦታ እናውርደው።

አንድ ደንበኛ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ጽፎ በፍላሽ ያመጣል። የእናንተ ኮምፒውተር ላይ ያ ፊደል አልተጫነም ወይም ዕትሙ ይለያል። ፋይሉ ሲከፈት ግማሹ ገጽ የላቲን ምልክት ይሆናል። ይህ ጉልህ ስለሆነ ማንም ያየዋል። የሚያስቸግረው ገጹ ደህና መስሎ ሁለት ሦስት ፊደል ብቻ የተለወጠበት ነው፤ ወይም መስመሩ ተገፍቶ የአንቀጽ 14 የመጨረሻ ቃል ሳይታይ የቀረበት። 1000 ቅጂ ታትሞ፣ ተቆርጦ፣ ተጠርዞ ካለቀ በኋላ ደንበኛው ጣቱን እዚያ ቃል ላይ ያሳርፋል። ጥፋቱ የማን ነው? ኪሳራውስ?

«እኛ ደንበኛ ሳያጸድቅ አናትምም» የሚል ዓረፍተ ነገር በማመልከቻው ላይ ብትጽፉ ዘዴ እንዳላችሁ ተናገራችሁ ማለት ነው፤ ለዚህ ጥቂት ነጥብ ይሰጣል። ፕሩፉ (ከሕትመት በፊት ለማረሚያ የሚወጣው ናሙና) ላይ ደንበኛው ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን እንደሚያኖር፣ ያለዚያ ፊርማ ፕሌት እንደማይወጣ፣ የባለቤቱ የሥጋ ዘመድ ያዘዘው የሠርግ ጥሪም በዚሁ መንገድ እንደሚያልፍ ብታሳዩ ዘዴው በሁሉም ዘንድ እንደሚሠራ አስረዳችሁ። ከደንቡ ስህተት በኋላ «ማንኛውም የአማርኛ ጽሑፍ ከዋናው ፋይል ጋር በፒዲኤፍም ይምጣ» የሚል መመሪያ አውጥታችሁ ከሆነ፣ መመሪያው የወጣበትን ቀንና ከዚያ ወዲህ በጽሑፍ ስህተት ምክንያት እንደገና የታተሙት ሥራዎች መቀነሳቸውን ስትጨምሩ መማራችሁን አረጋገጣችሁ። አንድ ትንሽ አሠራር እንዲህ እስከ ሥሩ ሲነገር፣ «ጥራት የመርሃችን ምሰሶ ነው» ከሚል ሙሉ ገጽ ይበልጣል። እኔ በእንዲህ ያለ ማመልከቻ ላይ ከሁሉ የምጠላው ያንን የምሰሶ ቋንቋ ነው፤ ጸሐፊው የሚያውቀውን እንዳይናገር ይጋርደዋል።

በውጤት በኩል ደግሞ በዋናነት የሚታየው ሦስት ነገር ነው፦ ቁጥሩ አሁን ስንት ነው፣ ባለፉት ዓመታት ወዴት እያመራ ነው፣ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸርስ? አዝማሚያ ለማሳየት ቢያንስ የሦስት ዓመት መረጃ ያስፈልጋል። ማንም አታሚ ሒሳቡን ለጎረቤቱ ስለማያሳይ ንጽጽሩ ለጎንደር ማተሚያ ቤት አስቸጋሪ ነው። ገበያ የማይጋሩ ቤቶች ግን መስማማት ይችላሉ። ደሴ ወይም ሐዋሳ ያለ ማተሚያ ቤት ከእናንተ ደንበኛ አይነጥቅም፤ የብልሽትና የማስረከቢያ ቁጥሮችን በየመንፈቁ ብትለዋወጡ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ።

ገንዘቡን በትክክል ማንበብ

የሽያጭ ቁጥር በሕትመት ሥራ ላይ ያታልላል፤ ምክንያቱም ከሽያጩ ትልቁ ክፍል በወረቀት ገብቶ በወረቀት የሚወጣ ገንዘብ ነው። ለምሳሌ ሁለት ማተሚያ ቤቶች በዓመት እኩል 6 ሚሊዮን ብር ሸጡ እንበል። አንደኛው ለወረቀት፣ ለቀለም፣ ለፕሌትና ውጭ አሠርቶ ለሚያመጣው ሥራ 4.5 ሚሊዮን ከፈለ። በእጁ የቀረው 1.5 ሚሊዮን ነው፤ ሠራተኞቹ 10 ከሆኑ ለአንድ ሰው 150 ሺህ ብር ይደርሳል። ሁለተኛው ለእነዚሁ ነገሮች 3.6 ሚሊዮን አወጣ፤ 2.4 ሚሊዮን ቀረው፤ 12 ሠራተኞች ስላሉት ለአንድ ሰው 200 ሺህ ብር ነው። ሽያጫቸው አንድ ሆኖ ሳለ ሁለተኛው ቤት በእያንዳንዱ ሠራተኛ ሲሶ ያህል የበለጠ ዋጋ ፈጥሯል። ይህ ቁጥር የተጨመረ እሴት ይባላል፤ ደመወዝ፣ ኪራይ፣ የማሽን እርጅና፣ ግብርና ትርፍ ሁሉ የሚከፈሉት ከእሱ ነው። የማተሚያ ቤትን ጤንነት በአንድ ቁጥር ንገረኝ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የዋጋ ንረት ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ፣ ወረቀቱም ቀለሙም ፕሌቱም በአብዛኛው ከውጭ የሚገባበት የእኛ ሙያ የመሸጫ ዋጋውን ከፍ ለማድረግ ተገዷል። ስለዚህ ሽያጩ ከ6 ሚሊዮን ወደ 8 ሚሊዮን ያደገ ቤት በ33 በመቶ አደግሁ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በማሽኑ ቆጣሪ ላይ ያለፈው ሉህ ከ2 ሚሊዮን ወደ 1.7 ሚሊዮን ወርዶ ከሆነ ግን ሥራው በ15 በመቶ ቀንሷል። የሚያውቅ ዳኛ ይህንን ሳይጠይቅ አያልፍም። ከብሩ ጎን የሉሁን ብዛት፣ የትዕዛዙን ቁጥርና የደንበኛውን ቁጥር አብራችሁ አስቀምጡ። ሥራው ቀንሶ ከሆነም ጻፉት፤ ከዚያ ምን እንዳደረጋችሁ የምትናገሩበት በር ይከፈትላችኋል።

የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ የሆነ ማተሚያ ቤት የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላለበት የገንዘቡ መረጃ ግማሹ አስቀድሞ አለ ማለት ነው። የሒሳብ ባለሙያችሁ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን ዓመት ሲዘጋ የወረቀትና የውጭ ሥራ ወጪን ከሌላው ለይቶ እንዲያሳይ ጠይቁት። ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያቀረባችሁትና ለሽልማቱ የምታቀርቡት ቁጥር ደግሞ አንድ መሆን አለበት። በዚህ ላይ መደራደር የለም።

የሥራ ካርዱ

ከገንዘብ ውጭ ያሉት መለኪያዎች በሙሉ የሚወጡት ከአንድ ወረቀት ነው፤ ከሥራ ካርድ። ካርዱ ላይ ትዕዛዙ የገባበት ቀን፣ ለደንበኛው የተነገረው የማስረከቢያ ቀን፣ በእርግጥ የተረከበበት ቀን፣ የወጣው ወረቀት ብዛት፣ የተበላሸው ብዛትና ምክንያቱ ይሰፍራሉ። በእያንዳንዱ ትዕዛዝ ላይ የሚጨምረው ድካም የደቂቃዎች ነው።

በቀጠሮ ማስረከብን ስትለኩ አንድ ሕግ ጠብቁ፦ መጀመሪያ የተነገረው ቀን አይሰረዝም። «ነገ ና» ከተባለ በኋላ «ማክሰኞ ና» የተባለ ደንበኛ ማክሰኞ ቢረከብ ሥራው ዘግይቷል። በዓመቱ ከተሠሩ 240 ትዕዛዞች 198ቱ በመጀመሪያው ቀጠሮ ወይም ከዚያ ቀድመው ከተረከቡ ውጤታችሁ 82.5 በመቶ ነው። በወር በወር ለያይታችሁ ብታዩት ደግሞ የጎንደር ዓመት ራሱ ይናገራል። ጥር ላይ ጥምቀትና የሠርጉ ወቅት ተደራርበው ሲመጡ ቁጥሩ ይወድቃል፤ ምረቃ ሲደርስም እንዲሁ። ይህንን ያየ ቤት የጥሪ ካርዱን ወረቀት በኅዳር ይገዛል፣ ለጥር የማታ ፈረቃ አስቀድሞ ያዘጋጃል። እንዲህ ያለው ውሳኔ «ዕቅድ» በሚለው የማመልከቻው ክፍል ውስጥ ይገባል።

ብልሽትም ምክንያቱ ካልተለየ አይቀንስም። ማሽኑ ቀለሙን እስኪያስተካክል የሚጣሉ ሉሆች የማይቀሩ ናቸው፤ ሲለመዱ ስንት እንደሚሆኑ ይታወቃል። ከዚያ በላይ ያለው ግን ባለቤት አለው፦ የተሳሳተ ጽሑፍ፣ የመብራት መቋረጥ፣ እርጥበት የገባው ወረቀት፣ የመቁረጫ ስህተት። የሠርግ ጥሪ ላይ የሙሽራው አባት ስም በ«ኃ» መሆኑ ቀርቶ በ«ሀ» ቢታተም ቤተሰቡ ካርዱን አይቀበልም፤ ልክም ናቸው። እንዲህ ያለውን ከመብራት መቋረጥ ጋር በአንድ ድምር የሚጽፍ ቤት የትኛውን መፍታት እንደሚችል አያውቅም።

ክፉ ዓመት ሲኖር

በክልላችን ያለፉት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚመጣ ወረቀት መንገድ ሲዘጋ ይዘገያል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደንበኛ ፋይሉን መላክ አይችልም፤ ጎብኚ ሲጠፋ የሆቴሎችና የአስጎብኚዎች ሥራ ይደርቃል። ብዙ ባለቤቶች በዚህ ምክንያት «የእኛ ቁጥር ለውድድር አይሆንም» ይላሉ። ይህ አስተሳሰብ ልክ አይደለም ብዬ አምናለሁ። የአፈጻጸም ሽልማት ችግር ያልደረሰበትን ቤት አይፈልግም፤ ችግር ሲደርስ ቤቱ ምን እንዳደረገ ይመረምራል። የሁለት ወር ወረቀት በመጠባበቂያ መያዝ ጀመራችሁ? ጎብኚ ሲቀር ወደ ትምህርት ቤቶች የፈተና ወረቀትና ወደ ማሸጊያ ካርቶን ዞራችሁ? ሠራተኛ ሳትቀንሱ ሰዓት ተካፈላችሁ? ገቢው የወደቀበትን ዓመት ከሠንጠረዡ አታውጡ፤ ከሥሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሆነውንና የተደረገውን ጻፉ። የጎደለ ዓመት ያየ ዳኛ የሚጠረጥረው ከእውነቱ የከፋ ነገር ነው።

ስለ ሠራተኛ በአጭሩ፦ ስንት ሰው ምን ሥልጠና እንደወሰደ፣ ስንት ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ እንደለቀቀ፣ ምን ዓይነት አደጋ እንደደረሰ መዝግቡ። የወረቀት መቁረጫው በሁለት እጅ ካልተጫኑት እንዳይወርድ ተደርጎ የተሠራው ለጣት ነው። ሥራ ለማፍጠን አንዱን ቁልፍ በፕላስተር የጠቀለለ ቤት ካለ ፕላስተሩን ዛሬ ያንሳ፤ ይህ የሽልማት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የሰው አካል ጉዳይ ነው። ካይዘን የሠለጠኑ ቤቶች «አምስቱ ማዎች» ብለው የሚያውቁት የሥራ ቦታ አያያዝም እዚህ ይጠቅማል፤ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ የተነሱ ፎቶግራፎች ካሏችሁ አያይዙ።

የሚሸጥ ሽልማት

አንድ ነገር በግልጽ ላስጠንቅቅ። «ድርጅትዎ ለዓለም አቀፍ የላቀ አፈጻጸም ሽልማት ተመርጧል» የሚል ደብዳቤ በኢሜይል ይመጣል። ማንም ቁጥራችሁን አልጠየቀም፣ ማንም በራችሁን አላንኳኳም፤ ግን ተሸልማችኋል። ቀጥሎ የእራት ግብዣው፣ የዋንጫውና የምስክር ወረቀቱ ክፍያ በዶላር ይጠየቃል። ይህ ዋንጫ መሸጥ ነው። እውነተኛው ሽልማት የመመዘኛ ነጥቦቹን አስቀድሞ ያወጣል፣ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ዳኞቹ እነማን እንደሆኑ ይናገራል፣ ልትሸነፉ እንደምትችሉም ያሳውቃል። የመመዝገቢያ ክፍያ መኖሩ በራሱ ነውር የለበትም፤ ማስረጃ ሳይጠየቅ ማሸነፍ ግን ነውር ነው። ያ ገንዘብ ለአንድ ጥሩ የወረቀት እርጥበት መለኪያና ለሠራተኛ ሥልጠና ቢውል ቤቱን ያሳድገዋል።

ምስጢርንም በተመለከተ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሒሳባችንን ማን ያየዋል? ከዳኞቹ መካከል ተፎካካሪ ወይም ወረቀት አቅራቢ አለ? ዳኞች የምስጢር ጥበቃ ይፈርማሉ? ለእነዚህ በጽሑፍ የማይመልስ አዘጋጅ ሒሳባችሁን ሊያይ አይገባም።

ማመልከቻው ሲጻፍ

ማመልከቻውን ባለቤቱ ብቻውን በሌሊት አይጻፈው። የማሽን ሠራተኛው፣ ዲዛይነሩ፣ ቆራጯና ገንዘብ ያዧ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ክፍል ይናገሩ፤ አንድ ሰው ይጻፍ። ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። የመጀመሪያውን ማጣሪያ ካለፋችሁ ዳኞች ወደ ቤታችሁ ሊመጡ ይችላሉ፤ ሲመጡም ባለቤቱን ትተው ማሽኑ ዘንድ የቆመውን ልጅ ይጠይቃሉ። «ፕሩፉ ሳይፈረም ሥራ ቢመጣልህ ምን ታደርጋለህ?» ይሉታል። እሱ የሚመልሰውና ወረቀቱ ላይ ያለው ካልገጠመ፣ ዘዴው በሁሉም ሰው እጅ ይሠራበታል ብላችሁ የጻፋችሁት ሁሉ ዋጋ ያጣል።

እያንዳንዱን መልስ በአንድ መልክ ብታዋቅሩት ይቀላል። ምን እንደምታደርጉ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ማን እንደሚያደርገው፣ በቁጥር ምን እንደተለወጠ ጻፉ። ቁጥር የሌለው መልስ ካለ ባዶውን በጌጥ ቃል አትሙሉት፤ «መመዝገብ የጀመርነው ከዚህ ወር ነው» በሉና የሦስት ወሩን አቅርቡ። ዛሬ የሥራ ካርድ የሌለው ቤት ለዘንድሮው ውድድር አይደርስም፤ ከመጪው ሐምሌ 1 ጀምሮ ሙሉ የበጀት ዓመት ቢመዘግብ ግን ለሚቀጥለው የመጀመሪያ መስመሩን ያገኛል። እስከዚያ ድረስ ባለፉት ዓመታት የደረሰኝ ቅጠሎችና የግዢ ፋይሎች ላይ ተቀምጦ የትዕዛዝና የወረቀት ቁጥሮችን መልቀም ይቻላል፤ አሰልቺ ቢሆንም ለሁለት ሰው የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው።

ውጤቱ ከተነገረ በኋላም፣ ተሸነፋችሁም አሸነፋችሁ፣ የዳኞቹን የጽሑፍ አስተያየት ጠይቁ። ባልድሪጅን በመሰሉ ውድድሮች ለተወዳዳሪው ሁሉ ይሰጣል፤ አንዳንድ አዘጋጆች ግን ካልተጠየቁ አይልኩም። በአስተያየቱ ውስጥ ምን እንደሚጠነክርና የት እንደሚጎድል በየምዕራፉ ይጻፋል። በውጭ አማካሪ ቢሠራ ብዙ ብር የሚያስወጣ ሥራ ነው። ወረቀቱን ለሠራተኞቹ ሁሉ በአንድ ስብሰባ አንብቡላቸው፤ ከተነቀፉት ነጥቦች ሁለቱን ብቻ ምረጡ፤ የሚያስፈጽመውን ሰው ስምና የሚያልቅበትን ቀን ከሥራ ካርዶቹ ሰሌዳ አጠገብ ለጥፉ።